138 ግራም፦ የካርቦን ጫማና ሚኒማ የሚጠብቁት ሯጮች

መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ የሆነውን የአትሌቲክስ አፍቃሪ በቀላሉ የሚረሳው አይመስልም። ትዕግሥት አሰፋ የብራንደንበርግን በር አልፋ የመጨረሻውን መስመር ስትረግጥ ሰዓቱ የቆመው 2:11:53 ላይ ነበር። ኬንያዊቷ ብሪጊድ ኮስጌይ እ.ኤ.አ. በ2019 ቺካጎ ላይ ያስመዘገበችው 2:14:04 በ2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ተሰበረ። በማራቶን ክብረ ወሰን በሰከንዶች ነው የሚሻሻለው፤ በደቂቃ ሲሆን ጉድ ያሰኛል። ትዕግሥትም ባንዲራዋን ለብሳ ከተደሰተች በኋላ ነጩን ጫማ ከእግሯ አውልቃ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ሳመችው። ፎቶግራፉ በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ።

የውጭ ጋዜጦች ያወሩት ስለ ጫማው ነው። የእኛ ሰው ግን ሌላ ስሌት ነበረው። አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ወርቁን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያጠልቅ የገባበት ሰዓት 2:12:11 ሲሆን በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ትዕግሥት የማራቶኑን ንጉሥ በ18 ሰከንድ ቀደመችው ማለት ነው። አበበ ከዚያ 4 ዓመት በፊት ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ 2:15:16 መሮጡን ደግሞ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል።

ትዕግሥት የሳመችው ጫማ የአዲዳስ ምርት ነው። አዲዜሮ አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1 ይባላል። አንደኛው እግር 138 ግራም ይመዝናል፤ ግማሽ ሊትር ውኃ የዚያን ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል። መጀመሪያ ለገበያ የወጣው 521 ጥንድ ብቻ ሲሆን ዋጋው 500 ዶላር ነበር። ኩባንያው ራሱ ጫማው የተሠራው ለአንድ ማራቶንና ለመለማመጃ የሚሆን ጥቂት ሩጫ ነው ብሏል። ለአንድ ቀን 500 ዶላር!

ታዲያ እዚህ ጫማ ውስጥ ምን አለ? ክብረ ወሰኑን የሰበረው እግር ነው ወይስ ጫማ? የሚለው ክርክር ከ2017 ጀምሮ አልበረደም። ለእኛ ግን ከዚህ የሚያንገበግብ ሌላ ጥያቄ አለ። ጫማው የሌለው ሯጭ ምን ይሁን?

ጭድና ጭቃ

ስለ እነዚህ ጫማዎች ሲወራ «ካርቦን ፋይበር» የሚለው ቃል እንደ አስማት ይነገራል። ነገሩን ለመረዳት ግን ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። ዓለም ባንክ ድረስ መሄድ ይበቃል።

ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከአየር ጤና ጎረቤት ያለው ይህ ሰፈር ብሎኬትና ፎቅ እየበዛበት ቢሄድም፣ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ዳርቻ ሁሉ የጭቃ ግድግዳ አላጣም። የጭቃ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው የካርቦን ጫማን ግማሽ ምስጢር አውቆታል። ቋሚው ከተተከለና ማገሩ ከተመታ በኋላ አፈሩ በውኃ ይርሳል፣ የጤፍ ጭድ ይጨመርበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ቀናት ቆይቶ ይቦካል፣ ከዚያ ግድግዳው ይመረጋል። ጭዱ ለምን አስፈለገ? ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭድ ብቻውን ደግሞ ንፋስ ይወስደዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ጭቃው ቅርጹንና ክብደቱን ይይዛል፣ ጭዱ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ጠፍሮ ያስቀራል።

ከጭቃ ቤቱ አጠገብ የሚቆመው ፎቅም በዚያው ብልሃት ነው የሚሠራው። አርማታ ከላይ ሲጫኑት ጎበዝ ነው፤ ሲሳብና ሲታጠፍ ግን ይሰበራል። የሚሳበውን ጎን የሚይዝለት ፌሮው ነው። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለውን የሁለት ቁሶች ጋብቻ ኮምፖዚት ይሉታል። በኮምፖዚት ውስጥ ያሉት ቁሶች እንደ ሻይና ስኳር አይሟሟሙም። እያንዳንዱ የራሱን ጠባይ እንደያዘ ይኖራል፣ አንዱ የሌላውን ድክመት ይሸፍናል።

በሯጩ ጫማ ውስጥ የጭዱን ቦታ የያዘው የካርቦን ክር ነው። የጭቃው ቦታ የሙጫ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኢፖክሲ የሚባለው። የክሩ መነሻ ፖሊአክሪሎናይትራይል የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ሲሆን፣ ሹራብ ከሚሠራበት አክሪሊክ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ይህ ክር በመጀመሪያ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት አየር ባለበት ቀስ ብሎ ይጠበሳል። ቀጥሎ አየር በሌለበት፣ ናይትሮጂን በተሞላ ምድጃ ውስጥ ከ1000 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከሰል አክሳይ እንጨቱን አፈር የሚያለብሰው አየር ገብቶ አመድ እንዳያደርገው አይደል? እዚህም ነገሩ ያው ነው። ኦክስጅን ስለሌለ ክሩ አይነድም፤ በውስጡ ያለው ሌላ ሌላው ነገር እየተነነ ይወጣና ካርቦኑ ይቀራል።

የሚገኘው ጥቁር ክር ውፍረቱ ከ5 እስከ 7 ማይክሮን ነው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ማለት ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚህ ክር አሥር እጥፍ ያህል ይወፍራል። ክብደቱ ደግሞ በተመሳሳይ መጠን ከተለካ የብረት ሩብ እንኳ አይሞላም። ሆኖም በርዝመቱ ሲስቡት ከብዙ ዓይነት ብረት ይበረታል።

አንድ ዓመል ግን አለው። ብርታቱ ክሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ ብቻ ነው። በጎን ከመጡበት የሚመክተው ሙጫው ነው፣ ሙጫ ደግሞ ሙጫ ነው። ስለዚህ አምራቾቹ በሙጫ የተነከሩ ስስ የካርቦን ንጣፎችን አንዱን በቁመት፣ ሌላውን በወርድ፣ ሌላውን በሰያፍ እየደራረቡ ያነባብራሉ። ሸማኔ ድርና ማግ እንደሚያስማማው መሆኑ ነው። ድርድሩ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብቶ በሙቀትና በግፊት ሲጋገር ሙጫው ይደርቅና ማንኪያ መሰል ጎበጥ ያለ ስስ ሳህን ይወጣል። የካርቦን ፕሌት የሚባለው ይኸው ነው። ከተረከዝ እስከ ጣት በሶሉ ውስጥ ይቀበራል። አዲዳስ በትዕግሥት ጫማ ውስጥ የተጠቀመው ሙሉ ሳህን ሳይሆን ካርቦን የገባባቸው ዘንጎችን ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

ይህን ቁስ ኢትዮጵያውያን አትሌቶች ከጫማቸው በፊትም ያውቁታል፣ ባያስተውሉትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2012 ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው። በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ብስክሌተኛ ጽጋቡ ግርማይ የነዳው ብስክሌትም አካሉ ካርቦን ነበር። አካል ጉዳተኛ ሯጮች የሚያጠልቁት ጎባጣ ሰው ሠራሽ እግርም እንዲሁ። ደቡብ አፍሪካዊው ኦስካር ፒስቶሪየስ በዚያ እግር ምክንያት በ2008 ታግዶ፣ በዚያው ዓመት የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ እንደፈታለት ይታወሳል። ካርቦንና የአትሌቲክስ ሕግ የተጋጩት በጫማ ብቻ አይደለም።

ሞተሩ ማን ነው?

ብዙ ሰው ፕሌቱ እንደ ሞላ ሯጩን ወደ ፊት የሚወረውር ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ጫማ ከራሱ ጉልበት አያወጣም፤ የሰጡትን ነው የሚመልሰው። ጥያቄው ከሰጡት ምን ያህሉን ይመልሳል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ባለ ዝናው ካርቦን ሳይሆን ስሙ እምብዛም የማይነሳው ፎም ነው ጎላ ብሎ የሚወጣው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት የናይኪ ቬፐርፍላይ ጫማ ሲረገጥ ከተቀበለው ጉልበት 87 በመቶውን ይመልሳል። በዚያው ጥናት የተነጻጸሩት የቀድሞ የውድድር ጫማዎች አንዱ 76 በመቶ ያህል፣ ሌላው 66 በመቶ ያህል ነበር የመለሱት። ጫማውን ያደረጉ ሯጮች በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሮጡ ያወጡት ጉልበት በአማካይ በ4 በመቶ ቀነሰ። የመጀመሪያው ጫማ ስም «4%» የተባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ፕሌቱስ? ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተደረገ ሌላ ጥናት ነገሩን በመጋዝ ፈተነው። ተመራማሪዎቹ የቬፐርፍላዩን ፕሌት ቆራርጠው ግትርነቱን አሳጡትና ሯጮቹን እንደገና አስሮጡ። ልዩነቱ 1 በመቶ እንኳ አልሞላም። ይህ ማለት ፕሌቱ ሥራ ፈት ነው ማለት አይደለም። የእግር ጣቶች መጋጠሚያ ሲታጠፍ የሚባክነውን ጉልበት ይቆጥባል፣ ያ ወፍራምና ለስላሳ ፎምም ወደ ጎን እንዳይዋልል ይገታዋል። ግን ብቻውን ሰው አያስሮጥም። ጭዱን ከጭቃው ነጥሎ «ግድግዳውን ያቆመው የቱ ነው?» እንደማለት ነው።

ክብደቱም ሌላ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚያወጣው ጉልበት 1 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። ከኮምፖዚትና ከአዲሶቹ ፎሞች በፊት ወፍራም ጫማ ማለት ከባድ ጫማ ማለት ነበር። አሁን ወፍራም ሆኖ ቀላል ጫማ ተገኘ። ለውጡ ይህ ነው።

በጉልበት 4 በመቶ ተቆጠበ ማለት በሰዓት 4 በመቶ ተቀነሰ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። የዓለም አትሌቲክስ የሕክምናና ሳይንስ ክፍል ባለሙያዎች በ2021 ባሳተሙት ጥናት የምርጥ ሯጮችን የዓመት ሰዓቶች ሲመረምሩ፣ በጎዳና ውድድር ሴቶቹ ከ1.7 እስከ 2.3 በመቶ፣ ወንዶቹ ከ0.6 እስከ 1.5 በመቶ መሻሻላቸውን አይተዋል። ሴቶች የበለጠ ተጠቅመዋል።

ታዲያ የትዕግሥት ክብረ ወሰን የጫማ ነው? የእሷን መንገድ የተከታተለ እንዲህ አይልም። ትዕግሥት የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ በሪዮ ኦሊምፒክም በዚያ ርቀት ተወዳድራለች። ወደ ጎዳና ወጥታ የመጀመሪያ ማራቶኗን በመጋቢት 2022 ሪያድ ላይ ስትሮጥ 2:34:01 ነው የገባችው። ከስድስት ወር በኋላ በርሊን ላይ 2:15:37 ሮጠች። 18 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ! ይህን የሚሰጥ ፎምም ካርቦንም የለም። ከአሠልጣኟ ገመዱ ደደፎ ጋር የሠራችው ሥራ ነው። በ2025 ለንደን ላይም በሴቶች ብቻ በሚካሄድ ውድድር 2:15:50 ሮጣ ክብረ ወሰን አስመዝግባለች።

የሚገርመው ጫማው ለሁሉም እኩል አለመስጠቱ ነው። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት የዓለም ደረጃ ያላቸው ኬንያውያን ሯጮችን በእነዚህ ጫማዎች ፈትኖ ነበር። ከስሱ የድሮ ጫማ ጋር ሲነጻጸር አንዱ ሯጭ በአንዱ ጫማ 11.4 በመቶ ሲጠቀም፣ በሌላ ጫማ 11.3 በመቶ የተጎዳም ተገኝቷል። ስለዚህ ለጓደኛ የሠራ ጫማ ለራስ ላይሠራ ይችላል። ይህ እንግዲህ ብዙ ዓይነት እየሞከረ የመምረጥ ዕድል ላለው ጥሩ ዜና ነው።

ከሞንዛ እስከ ቪየና

የካርቦኑ ዘመን ሲጀመር ኢትዮጵያዊ እዚያው ነበር። በግንቦት 2017 ናይኪ በጣሊያን የሞንዛ የመኪና መወዳደሪያ ላይ ማራቶንን ከ2 ሰዓት በታች ለማስገባት ባዘጋጀው ሙከራ ሌሊሳ ዴሲሳ ከኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌና ከኤርትራዊው ዘረሰናይ ታደሰ ጋር ተሰለፈ። ኪፕቾጌ 2:00:25 ገባ። ዘረሰናይ 2:06:51፣ ሌሊሳ 2:14:10። ሦስቱም ለሙከራው የተሠራ ጫማ ነበር ያደረጉት፤ በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ግን 13 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነበር። ሌሊሳ በሚቀጥለው ዓመት ኒውዮርክን በ2:05:59 አሸነፈ፣ በ2019 ደግሞ ዶሃ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

በዚያው 2019፣ በመስቀል ማግስት፣ ቀነኒሳ በቀለ በርሊን ላይ ያደረገውን ማን ይረሳል? አበቃለት ሲባል የነበረው ቀነኒሳ በቬፐርፍላይ ጫማ 2:01:41 ገባ። የኪፕቾጌ ክብረ ወሰን 2:01:39 ነበር። ሁለት ሰከንድ! ቀነኒሳ በሚያዝያ 2024 ለንደን ላይ፣ በ41 ዓመቱ፣ 2:04:15 ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ35 ዓመቱ፣ በ2008 በርሊን ላይ፣ ዓለምን ጉድ ያሰኘበት 2:03:59 ከዚህ የሚለየው በ16 ሰከንድ ነው። የኃይሌ ጊዜ ጫማ የዛሬውን ዓይነት የወፍራም ፎምና የካርቦን ጥምረት አያውቅም። ሁለቱን ማወዳደር የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው፤ በየሻይ ቤቱ የሚደረገው ክርክር ግን አያቆምም።

ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። የዓለም አትሌቲክስ በጥር 2020 መጨረሻ ለጎዳና ጫማ የሶል ውፍረት ከ40 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ፣ በውስጡ ከአንድ በላይ ግትር ፕሌት እንዳይኖር ወሰነ። በትራክ ላይ ከኅዳር 2024 ጀምሮ ጣሪያው 20 ሚሊሜትር ሆኗል። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ወረቀቱ በሰው ላይ ሲያርፍ ያየነው በኢትዮጵያዊ ነው።

መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን በ2:09:22 አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ኬንያዊውን ሊዮናርድ ላንጋትን በ3 ሰከንድ ነው የቀደመው። ብዙም ሳይቆይ ዳኞቹ ጫማውን ለኩት። የሶሉ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር። የሚፈቀደው 4 ነው። ደራራ ከውድድሩ በፊት በቅጹ ላይ ያስመዘገበው ሌላ ጫማ ሲሆን፣ የሮጠው ለልምምድ በሚሸጠው አዲዳስ ፕራይም ኤክስ ነበር። ውጤቱ ተሰረዘ፣ ላንጋት አሸናፊ ተባለ። 

ደራራ ባለ ስፖንሰር፣ በ2020 ሙምባይን ያሸነፈ አትሌት ነው። እንዲህ ያለው ሯጭ የትኛው ጫማ ለልምምድ፣ የትኛው ለውድድር እንደሆነ ከተሳሳተ፣ ገና ማናጀር የሌለው ወጣት ምን ያህል እንደሚቸገር መገመት አያዳግትም። የጫማዎቹ ስም ይመሳሰላል፣ ሳጥናቸው ይመሳሰላል፣ መለኪያው ያለው በሚሊሜትር ነው።

የሰበታ መንገድ

ወደ ዓለም ባንክ እንመለስ። የጅማው መንገድ በአየር ጤና በኩል ወጥቶ ወደ ሰበታ ይወስዳል። የሰበታ አስፋልት ከሰንዳፋና ከሱሉልታ ጋር የማራቶን ሯጮች ረጅሙን ልምምድ የሚሠሩበት ነው፤ ከከተማው ዝቅ ስለሚል እግር ይፈታል። ገና ሳይነጋ አትሌቶችን የጫኑ መኪኖች በዚያ ያልፋሉ። ከነሱ ውስጥ ማን ምን እንዳጠለቀ ማየት ደረጃውን እንደ ማየት ነው። ታዋቂው ኩባንያው የላከለትን የዘንድሮ ጫማ ያደርጋል። የሌላው ጫማ ሰው ያወረሰው ወይም ከሰልባጅ የተገዛ ይሆናል።

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ጫማ በነጻ የሚሰጠው ስፖንሰር ላለው ነው። ስፖንሰር የሚገኘው በሰዓት ነው። ጥሩ ሰዓት ለማምጣት ደግሞ ዛሬ ዛሬ ጫማው ያስፈልጋል። ለመግዛትስ? የመጀመሪያው ቬፐርፍላይ 250 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ስለነበር ይህ 14 ሺህ ብር ያህል ነው። ለውጡ በተደረገ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ ያው ጫማ ከ25 ሺህ ብር በላይ ሆነ፤ የትዕግሥት ዓይነቱ ደግሞ ከ50 ሺህ በላይ። ይህም ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር ነው።

ርካሹን መፈለግም የራሱ ጣጣ አለው። ፕሌቱ በፎሙ ውስጥ ስለተቀበረ ከውጭ አይታይም። በመሃል የገባው የተነባበረ ካርቦን ይሁን ተራ ፕላስቲክ፣ ጫማው ለሁለት ካልተሰነጠቀ በቀር አይታወቅም። ሌላ ሰው የሮጠበትም ቢሆን ፎሙ ከሞተ ካርቦኑ ቢተርፍ አይጠቅምም። ሲያዩት አዲስ መስሎ ጉልበት የማይመልስ ጫማ ሞልቷል።

ጉዳትም አለ። በ2023 ሐኪሞች በካርቦን ጫማ ይሮጡ በነበሩ አምስት አትሌቶች ላይ የታየ የመሃል እግር አጥንት መሰንጠቅ ዘግበዋል። አምስት ሰው ብዙ አይደለም፣ ጥፋተኛው ጫማው ነው ብሎ ለመፍረድም አይበቃም። ቢሆንም ሐኪሞቹ ሯጭ ወደ እነዚህ ጫማዎች ቀስ እያለ እንዲገባ መክረዋል። ወፍራሙ ፎም በኮረኮንችና በእንጦጦ ጫካ ሥር መሃል ቁርጭምጭሚት ማዞሩም ግልጽ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን በተራ ጫማ ሠርቶ ካርቦኑን ለአስፋልት ፍጥነትና ለውድድር ማቆየት ለእግርም ለኪስም ይሻላል።

ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። ለሪዮ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ሚኒማ 2:19:00 ነበር። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ 2:11:30 ሆነ። ለፓሪስ 2:08:10። ቶኪዮ ላይ ለተካሄደው የ2025 የዓለም ሻምፒዮና 2:06:30 ደረሰ። በሴቶች ከ2:45:00 ተነስቶ 2:23:30 ገብቷል። እርግጥ ነው፣ የዚህ ሁሉ ምክንያት ጫማ ብቻ አይደለም። የዓለም አትሌቲክስ በደረጃ ነጥብ የመምረጥ አሠራር ስላመጣ ሚኒማውን ሆን ብሎ አጥብቆታል፤ ሚኒማ የሌለው በነጥብ ሊገባ ይችላል። ነጥቡ የሚሰበሰበው ግን በውድድር ነው፣ ወደ ውጭ ውድድር የሚጋበዘውም ሰዓት ያለው ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ለአንድ ቡድን ሦስት ሰው ሲመረጥ ከሚኒማው በታች የሮጠው ብዙ ስለሆነ፣ ወረፋው ራሱ ከሚኒማው ይከብዳል።

ኃይሌ በ2002 ለንደን ላይ 2:06:35 ሮጦ ሦስተኛ ሲወጣ የማራቶን ዘመኑ ጀመረ ተብሎ ነበር። ያ ሰዓት ለቶኪዮ 2025 ሚኒማ 5 ሰከንድ ይጎድለዋል። በላይነህ ዴንሳሞ በ1988 ሮተርዳም ላይ የሮጠው 2:06:50 ለ10 ዓመት የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ኖሯል። እሱም 20 ሰከንድ ይጎድለዋል።